የገብስማው አንገት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ መረብ ጠጋኝ ሆኖ ሰው ያመሰገነው ካለ ይንገረኝ። ዓሣ አጥማጁ መረቡ ሲበጠስ ይሰድበኛል፣ ስጠግንለት ዝም ይላል። ዓሣ ከበዛ ጎበዙ እሱ ነው፤ ካነሰ ጥፋቱ የመረቡ ነው። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ኖሬያለሁ፤ ክፉ ኑሮ ነው አልልም። ይህን አስቀድሜ የማወራው ለሠራሁት ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም ትንሽ ሰበብ ፈልጌ ይሆናል። ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚፈልገው ሰበብ ነው።

አንድ ሰውዬ ከአዲስ አበባ ለመንገድ ሥራ መጥቶ ከተማችን ውስጥ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ሥራ ሲጨርስ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርድና እኔ መረብ በምጠግንበት ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ብዙ አይናገርም፤ ጣቶቼን ያያል። አንድ ቀን ከኪሱ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አውጥቶ ከፈተልኝ። ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ጠጉራም ነገሮች ተደርድረውበታል። ትኋን መስለውኝ እጄን ሰበሰብኩ። ሳቀብኝና አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። መንጠቆ ነበር፤ ክርና ጠጉር፣ ላባና ሽቦ ተጠምጥሞበት ነፍሳት መስሏል።

ነገሩን አስረዳኝ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ከሚበርረው ዝንብ ይልቅ፣ ክንፍ ሳያወጣ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ሥር የሚኖረውን የዝንብ ልጅ ይወዳል። የዝንቡን ልጅ ኒምፍ ይሉታል። ሰውዬው በዕረፍቱ ባሌ እየሄደ፣ በእጅ በተሠራ ኒምፍ ዓሣውን ያታልልና ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ ደግሞ መልሶ ይለቀዋል።

“ታዲያ ምን ያለፋዎታል?” አልኩት።

“እሱን ሚስቴም ትጠይቀኛለች” አለ።

እንግዲህ እኔም አይቼው የማላውቀውን፣ የማልበላውን፣ ቢያዝም ለሚለቀቅ ዓሣ ዝንብ ማሰር ጀመርኩ። ከብስክሌት ጠጋኙ አሮጌ ሞርሳ ለምኜ አመጣሁ። ከተቃጠለ የባጃጅ ሞተር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈታሁ። መንጠቆውን ሞርሳው ላይ አጥብቀህ፣ ሰም የነካ ክር ታስተኛበታለህ። ለጅራቱ ሦስት የላባ ጭራ ታስራለህ። የፍየል ጠጉር ክሩ ላይ ፈትለህ ሆዱን ትሠራለህ፤ በላዩ ሽቦውን አራርቀህ ታዞራለህ፤ የነፍሳት ሆድ ሽንትር አለው አይደል? በመጨረሻ ደረቱ ላይ አንድ ላባ ትጠመጥማለህ፤ እሱ እግሩ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ መንቀሳቀስ ያለበት እግሩ ነው። እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ዓሣው ይንቀዋል።

ሰውዬው የሠራሁትን አንስቶ በፀሐይ አገላብጦ አየው። ከዚያ ከውጭ አገር ያስመጣውን ሳጥን ዘጋና “እጅህ ይባረክ፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው አላየሁም” አለኝ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል አትሳቁብኝ። አርባ ዓመት አልፎኝ፣ ስለ እጄ ደግ ነገር ሲነገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውዬው ሥራው አልቆ ከሄደ በኋላም በስልክ እየደወለ ሥራልኝ ይለኝ ጀመር፤ ሠርቼ በመኪና እልክለታለሁ። ላባውን ግን አይረሳም። “ገብስማ ይሁን” ይለኛል። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ላባ ያለውን ዶሮ ማለቱ ነው። ገብስማ ውኃ ውስጥ ሕይወት ያለው ይመስላል። ከገበያ የማገኘው ገብስማ ሁሉ ግን ወይ ላባው ደርቋል፣ ወይ መልኩ ደብዝዟል።

በጣም ጥሩው ገብስማ ያለው ከአጥሬ ማዶ ነበር።

ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ክርስቲያን ናቸው፤ ባልቴት ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የሚለየን የሥጋ ነገር ብቻ ነው፤ በጾማቸው ወራት ግን እሱም የለም፤ የሽሮ ሳህን በአጥሩ ላይ ትመላለሳለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ዓረብ አገር ሰው ቤት ለመሥራት ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። አምና ኅዳር ላይ ድምጿ ከጠፋ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። እትዬ በየጧቱ አጥሩ ጋ ይመጡና “ደወለች?” ይሉኛል፤ ልጅቱ የምትደውለው በኢንተርኔት ስለሆነ የሚቀበላት የኔ ስልክ ነው። “አብሽሩ እትዬ፣ ትደውላለች” እላቸዋለሁ።

አንድ ጧት በዚያው አጥር ጠሩኝ። እጃቸው ላይ ገና ላባው ያልጠነከረ የገብስማ ጫጩት ይዘዋል። እግሩ ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ፊታቸውን ወደ ግሸን አዙረው፣ “እመቤቴ፣ የልጄን ድምፅ አሰሚኝ እንጂ ይህን ገብስማ ነውር ሳይነካው አሳድጌ፣ በመስከረም በገዛ እግሬ ደጅሽ አመጣዋለሁ” አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው “አሚን በለኛ፣ ልጄ” አሉኝ። እኛ ጋ ስለት የሚሳል ሰው ጎረቤቱን አሚን ያሰኛል፤ አሚን ያለ ደግሞ ምስክር ነው፣ ቃሉን አብሮ ይጠብቃል። እኔም አሚን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሚያዝያ ላይ ልጅቱ ደወለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ኖሯል፤ አሁን ሌላ ቤት ገብታለች። እትዬ ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌላቸው፣ እኔ እዚያው ቆሜ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እልል አሉ። ጫጩቱ በዚያ ጊዜ አውራ ዶሮ ሊሆን ነበር። ስለቱ ሠመረ፤ የቀረው መስከረምን መጠበቅ ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ አንገቱ ላይ ያወጣውን ላባ ላየ ሰው! ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ድረስ ጥቁሩና ነጩ ተራ ገብቶ ተደርድሯል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሰውዬው ደውሎ ለሱ ብቻ ሳይሆን ለጓደኞቹም ኒምፍ እንድሠራ ጠየቀኝ። “ያንተን እጅ አይተው ቀኑ” አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ገብስማው ከአጥሩ ማዶ ይጮኻል።

እትዬ ገበያ ሲሄዱ ጭልፊት እንዳይወስድባቸው ዶሮውን ለኔ አደራ ይሉ ነበር። “አደራ፣ ልጄ። ዓይንህን እንዳትነቅልበት።” አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔ ዓይኔን አልነቀልኩበትም። ላባውን ነቀልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ላባ ብቻ ነው የወሰድኩት። በቆሎ በትኜ ጠራሁት፤ መጣ፤ ብብቴ ሥር አድርጌው ነቀልኩ። ትንሽ ጮኸ። ሦስት ላባ ምን ያጎድልበታል አልኩ። ባላውቅ ኖሮ ደግ ነበር፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እናቴ “የነዝር ነገር አይነካም፤ የሰው መሆኑ ቀርቷል” እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለት በኛም አለ፤ እኛ ነዝር እንለዋለን እንጂ ክብሩ አንድ ነው። እያወቅሁ በሚቀጥለው ገበያ ስድስት ነቀልኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለደግ ነገር ብቻ የተተረተ አይምሰላችሁ። ነሐሴ ሲያልቅ ሳጥኔ ሞላ፤ እንደዚያ ያማሩ ኒምፎች በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ዶሮው ግን ያኔም በቆሎ ስበትን እየሮጠ ይመጣ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ አንዳንዴ ይህ ነው።

ያላሰብኩት ሌሎቹን ዶሮዎች ነው። ላባ የተነቀለበት ቆዳ ይቀላል፤ ዶሮ ደግሞ ቀይ ካየ መንቆር ነው። የእትዬ ሴት ዶሮዎች የገብስማውን አንገት እየነቆሩ አደሙት። በሁለት ቀን ውስጥ ማጅራቱ ተመልጦ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ በላባ ልሸፍነው ብልም የሚሸፈን አልነበረም።

እሑድ እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ አዩት። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ በአጥሩ ተጣሩ።

“ና እስኪ እይልኝ፣ ልጄ። ምን አገኘብኝ?”

ሄድኩ። ዶሮውን ተቀብዬ እንዳዲስ አገላብጬ አየሁት። የሸሚዜ እጅጌ ላይ አንዲት ቁራጭ ላባ ተጣብቃ ነበር፤ ሳያዩኝ አራገፍኳት።

“ሸለምጥማጥ ነው፣ እትዬ” አልኩ። “ወላሂ፣ ሸለምጥማጥ ነው።”

እንዲያ ብዬ በአላህ ስም ማልኩ። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ ሲባል ስሰማ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሸለምጥማጥ ቢሆን ኑሮ አንገቱን ቀንጥሶት ይኸድ ነበር። ይኸ የሸለምጥማጥ አይደለም።” ደጃቸው ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡና ዶሮውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። “ነውር ያለበት ስለት አይሰጥም። እሷው እመቤቴ ናት እንቢ ያለችኝ። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ።”

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

“ልጄ ዓረብ አገር እንቢ ብላኝ ነው የኸደች እል የለ? ላንተም እንዲያ ነው ያልኩህ። ውሸት ነው። አልኸድም ብላ እግሬን ይዛ አልቅሳለች። ‘እኩዮችሽ ለናታቸው ቤት ሠሩ፣ አንች ምን ሠራሽ?’ ያልኳት እኔ ነኝ። መኪና ሲመጣ ሻንጣዋን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ኸኋላየ ታለቅሳለች ብየ ዙሬ አላየኋትም። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩት። እመቤቴ ግን አይታዋለች፣ ይኸው።” የዶሮውን ቁስል በጣታቸው አሳዩኝ።

ቁሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። አሁን ብናገር ምስጢራቸውን በከንቱ እንዳወጡ ያውቃሉ አልኩ፤ ስለዚህ ዝም ማለት ለሳቸው የተሻለ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሰው ለፈሪነቱ የሚያገኘው ምክንያት ሁሌም ለሌላው የተቆረቆረ ይመስላል። “አብሽሩ እትዬ” አልኳቸው። ከአፌ የወጣው ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቆሎና ውኃ ብቻ ይቀምሱ ጀመር። ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ ቢሆንም ሲሰግዱ በአጥሩ ክፍተት ይታየኛል። ቁስሉን ቅቤ እየቀቡ፣ እንቢ ብትልም ወስጄ ደጇ ላይ እወድቃለሁ አሉ። እኔ ሌላ ገብስማ ከገበያ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። አልተቆጡም። “የተሳልኩት እሱን አይደል፣ ልጄ? ስለት በለውጥ አይኾንም” ብለው መለሱልኝ። መስከረም ሲደርስ፣ ዶሮውን ተሸክሜ አብሬዎት ልሂድ አልኳቸው። መረቁኝ። የምርቃታቸውን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ መጻፍ ያሳፍረኛል።

በሚኒባስ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያ ግሸን በሚሄደው መኪና ተጭነን ተጓዝን። ገብስማውን በቅርጫት ጭኔ ላይ ይዣለሁ፤ እትዬ ቁስሉ እንዳይታይ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነውታል። መኪናው ሲያንገጫግጨን ነጠላው ተንሸራተተ። አጠገባችን የተቀመጡ ሴትዮ አዩትና “ውይ፣ ይኸ ዶሮ አንገቱ ምን ኾኖ ነው?” አሉ።

“የኔ ኃጢአት ነው፣ እቴ” አሉ እትዬ። ለማያውቁት ሰው፣ መኪና ሙሉ ሕዝብ እየሰማ። ከዚያ ነጠላውን መለሱበት።

መኪናው ከሚያቆምበት በኋላ ያለው በእግር ነው። ሰው እየዘመረ ያልፈናል። እትዬ ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ለማረፍ ከአንድ ድንጋይ ተቀመጡ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እዚያው ፊታቸው ተንበረከክሁ።

“እትዬ፣ እኔ ነኝ” አልኩ። “አንገቱን የላጨሁት እኔ ነኝ። ለማስረው ዝንብ ፈልጌው ነው። አደራ ባሉኝ ቀን ሁሉ ነው የነቀልኩት። ሸለምጥማጥም አይደለም፣ እመቤቲቱም አይደለችም። አፉ ይበሉኝ።”

ከደረት ኪሴ ትንሿን ሳጥን አውጥቼ ከፈትኩላቸው። አንዱን ኒምፍ አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። እግሩን፣ የገብስማውን ላባ፣ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

“ለዚህ?” አሉ።

“አዎ፣ ለዚሁ።”

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። መልሰው ሳጥኑ ውስጥ አኖሩትና ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙት።

“ላባውንስ አፉ ብየሃለሁ” አሉ። “ላባ ይበቅላል፣ ምን አለበት። ብቻ ያን ለት፣ ኸደጄ ቁመህ...” ትንፋሻቸው አጠራቸው። “አውቀህ ነበር። ዶሮውን ማን እንደነካው እያወቅህ ዝም ብለህ ሰማኸኝ። ‘እኔ ነኝ’ ብትለኝ ኑሮ ያን ሁሉ ባልነገርኩህ። አሁን የነገርኩህን ኸየት አምጥቸ ልመልሰው?”

ሳጥኑን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ቅርጫቱን ከእጄ ወሰዱ። ልያዝልዎት ብዬ እጄን ብዘረጋም “ተው” አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም። ያን የታመመ ጉልበት እየጎተቱ ዳገቱን ብቻቸውን ወጡ። እኔ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ከሰዓት በኋላ ባዶ ቅርጫት ይዘው ወረዱ። “ተቀበሉዎት ወይ?” ለማለት ድፍረት አጣሁ። እሳቸው ራሳቸው “አንገቱን ያየውም የለ፤ ተቀብለው አሰሩት” አሉኝና ወደ መኪናው ሄዱ።

ጥቅምት ላይ ሰውዬው ከባሌ ፎቶ ላከልኝ። ትራውት ማለት እንዲህ ኖሯል፤ ጎኑ በሙሉ ነጠብጣብ ነው። በከንፈሩ ዳር የኔ ኒምፍ ተሰክቷል፤ የገብስማው እግር ሳይቀር ይታያል። “መልሼ ለቅቄዋለሁ” ብሎ ጽፏል። ስልኩን አጥፍቼ መረቤን ቀጠልኩ። ማሰሩን ተውኩ ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ አልተውኩም። ላባውን ከገበያ እገዛለሁ፤ ደብዛዛም ቢሆን በሱ እሠራለሁ።

እትዬ አልተለወጡብኝም። ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ጤናዬን ይጠይቁኛል፤ የሽሮዋ ሳህንም በአጥሩ ላይ መመላለሷን አላቆመችም። ሰው ቢያየን ምንም የሆነ ነገር የለም። ልጅቱ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ድሮ ስልኩን እዚያው አጥሩ ላይ ይዘው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌላቸው፣ እኔም በመሀል እየገባሁ ሰላም እያልኳት ነበር የሚያወሩት። አሁን ስልኩን በአጥሩ ላይ ይቀበሉኝና ቤታቸው ይገባሉ፤ በሩንም ይዘጉታል። ሲጨርሱ ይመጡና “እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ይመልሱልኛል።